በመፋቂያ የተላጨ

ሳቂታው ላይተሩን ጭሮ ጢሞ አገጭ ስር የደቀነው ለቀልድ ነበር፤ እንደሱ አባባል። ጢሞ ከኖራው ገንዳ የወጣ ቆዳ ግንዱ ላይ አንጥፎ፣ በወገቡ አጎንብሶ ሥጋውን እየፋቀ ነበርና ሁለቱም እጆቹ ባለ ሁለት እጀታውን መፋቂያ ይዘዋል። ሽታው መጀመሪያ አልደነቀውም። ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የማይሸት ነገር የለም። የሚሸተው የራሱ ጢም መሆኑ የገባው እሳቱ የታችኛውን ከንፈሩን ላስ ሲያደርገው ነው።

መፋቂያውን መጣሉ ደግ ሆነ። ይዞት ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሳቂታው የሚስቅበት ጉሮሮ አይተርፈውም ነበር። በባዶ እጁ አንዴ አፉን፣ አንዴ ጆሮ ግንዱን አለው። ሳቂታው በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራቶ ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ ሳይነሳ ጢሞ እግሩን ከነቦቲው አንገቱ ላይ አሳረፈበት።

"ኧረ ልቀቀው፣ ፊቱ ጠቆረ እኮ" አለ የድራሙ ሠራተኛ፣ ቆዳ ከሚያሽከረክረው ትልቅ የእንጨት ድራም አጠገብ ሳይነቃነቅ።

"ይጥቆር።"

"ትገድለዋለህ።"

"እያሰብኩበት ነው።"

ያስለቀቀው ካቦው ነው። ከኋላ መጥቶ የላስቲክ ሽርጡን ማንገቻ ጨምድዶ ጎተተው፤ ጢሞ ሊማታ ዞረና ማን መሆኑን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። ካቦው ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ያንድ እናት ልጆች ናቸው። ቤት ውስጥ "ወንድም ጋሼ" ይለው ነበር። ፋብሪካ ውስጥ እንደማንኛውም ሠራተኛ "ካቦ" ይለዋል። ታላቁ ተላጭቶ ሹመቱን ከተቀበለ ወዲህ ደግሞ ካልጨነቀው በቀር ምንም አይለውም።

ሳቂታው ተነስቶ ደምና አንድ ጥርስ መዳፉ ላይ ተፋ። ጥርሱን አገላብጦ አየና ሳቀ። ሲመታም ይስቃል፣ ሲያመውም ይስቃል፤ ፊቱ ሌላ ነገር አልተማረም።

"ለማንኛውም እስከ ሰኞ ነው፣ ጢሞ። ካቦ፣ ንገረው እንጂ ወንድምህን። እኔ ባላቃጥለው ምላጭ ያነሳዋል።"

ካቦው ሳቂታውን በክንዱ ገፋ አደረገው። ለወንድሙ ግን ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ሰምተሃል" አለው።

ሰምቷል። ያልሰማ የለም። ከየገንዳው የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ከግቢው ጀርባ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ከጉድጓዱም ሰው የሚጥል ጋዝ ይወጣል። ባለፈው ክረምት አንድ የቀን ሠራተኛ አተላውን ሊዝቅ ወርዶ እዚያው ቀርቷል። አሁን የቆዳ ገዢዎቹ ሰው ልከው ሊጎበኙ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ፣ ጉድጓዱ አጠገብ የሚሠራ ሁሉ የጋዝ ጭንብል ይሰጠዋል፤ ጭንብሉ ከፊት ጋር ግጥም እንዲል ደግሞ ሁሉም ይላጫል ብሎ አዘዘ። ላይ ላዩን ሲያዩት ነገሩ እውነትነት አለው። ጢሞ ራሱ እውነትነቱን አምኖ ነው ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ ቆቡን አውልቆ የለመነው።

"ጌታዬ፣ ወደ ማድረቂያው ያዛውሩኝ። እዚያ ጉድጓድ የለም፣ ጋዝም የለም። ደሞዜ ይቀነስ ካሉም ይቀነስ።"

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ አሳምሮ ያስከረከመውን የራሱን ጢም በሁለት ጣቱ ይዳስስ ነበር።

"አንተን ካዛወርኩ ነገ ሁሉም አምላኬ እንዲህ አዞኛል እያለ ደጄን ይሞላል። እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ጣት ሲሰጧችሁ ክንድ ነው የምትይዙት። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚያዘው የኔ ጭንብል ነው።"

"የርስዎስ ጢም፣ ጌታዬ?"

"እኔ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም።"

"እኔም እኮ አልግባ ነው ያልኩት።"

ሥራ አስኪያጁ በሩን በዓይኑ አሳየው።

የጢሞ ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከከተማው ዳር አንድ መሰብሰቢያ አዳራሽና በሽቦ የታጠረ አንድ የመቃብር ቦታ አላቸው፤ ከዚያ ውጪ ተበታትነው፣ የተገኘውን ሥራ እየሠሩ ይኖራሉ። በሕጋቸው ፊቱን ምላጭ የነካው ወንድ፣ ጢሙ ተመልሶ በጡጫ እስኪጨበጥ ድረስ የሞተ ሰው አይነካም። ሌላ ብዙ ሕግ አላቸው፤ የላላም የተረሳም አለ። ይህኛው ግን አልላላም፤ እናትና አባትን መቃብር ውስጥ ወርዶ በክንዱ የሚቀበለው ወንድ ልጅ ነውና። ካቦው ተላጭቶ የመጣ ቀን እናታቸው አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች ፊቱን አንዴ አየችውና ወደ ታናሹ ዞራ፣ "እንግዲህ አንዱ ቀረኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ታላቁ መድኃኒቷን እየገዛ ያመጣል እንጂ ከበሩ አያልፍም።

ጢሞ የተለበለበ ጢሙን ይዞ ቤት ሲገባ እናቱን አላስተኛትም ያላት ሳል ለአፍታ ትቷት ነበር።

"ና እስቲ፣ ልያዘው" አለችው።

አጠገቧ ተንበረከከ። ያበጡ ጣቶቿን ጢሙ ውስጥ ሰደደችና ያዘችው። ልጅ ሆኖ ቀሚሷን ይዞ ይሄድ እንደነበረው ነው አሁን እሷ እሱን የምትይዘው። ጢሞ ዐይኑን ጨፍኖ አንዳንድ ጊዜ እንደሚያደርገው ያንኑ ነገር አሰበ፤ ከአገጩ የወረደ ረጅም፣ ጥቁር ገመድ ወደ መሬት ሆድ ሲገባ፣ እሷ ደግሞ እንደ ልጅ ልጃገረድ ቀልላ በገመዱ ስትወርድ።

"ይኸው ነው እንግዲህ የኔ መውረጃ" አለች፣ ያሰበውን ያየች ይመስል። ወዲያው እጇ ቆመ። "ይኼን ምን በላው?"

"እሳት ዳር አጎንብሼ ነው፣ እማ።"

"ዋሾ። ማን ነው?"

"ሥራ ቦታ ያለ አንድ ዘልዛላ ነው። ጥርሱን አውልቄለታለሁ።"

"አንዱን ብቻ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲያበቃ ጨርቁ ላይ የነበረውን ነገር ጢሞ ቶሎ ብሎ ሸፈነው።

እሑድ ወደ ማታ አካባቢ ካቦው መድኃኒት ይዞ መጣ። እንደልማዱ ደጁ ላይ ቆመ። ጢሞ ወጥቶ በሩን ከኋላው ገርበብ አደረገው።

"ነገ ተላጭተህ ና" አለ ካቦው። "ጠጉር ነው። ይበቅላል።"

"እሷስ እስኪበቅል ትጠብቃለች?"

"ዶክተሩ ምን አለ?"

"ዶክተሩ ያለውን አንተ ከኔ በፊት ሰምተሃል።"

ካቦው የተላጨ ጉንጩን በመዳፉ አሻሸ። አዲስ ልማድ ነው፤ የሌለውን ነገር እየፈለገ ያሻሻል። "ሥራ አስኪያጁ እኔን ነው የጠራኝ። የራስህን ወንድም ካላላጨህ ሌላውን ምን አድርገህ ታዛለህ፣ ወይ ትላጨዋለህ ወይ ተያይዛችሁ ትወጣላችሁ አለኝ። ሁለታችንም ብንወጣ ይኼ መድኃኒት ከየት ይመጣል?"

"አንተ ቅር፣ እኔ ልውጣ።"

"ውጣ አላለም። ተላጭ ነው ያለው። ገዢዎቹ ሲመጡ የጎደለ ሰው እንዲያዩ አይፈልግም፤ ከሄድክም ያንን የሳቂታውን ጥርስ ይዞ ፖሊስ ጋ ይሄዳል። እስር ቤት ሆነህ ትቀብራታለህ?"

ከውስጥ ሳሉ ተሰማ፤ ሁለቱም እስኪያባራ ቆሙ።

"ካልተላጨሁስ?"

"እንዳታስነካኝ" አለ ካቦው። "ከተወለድክ ጀምሮ የያዝኩህ ልጅ ነህ። እንዳታስነካኝ።"

ሰኞ ጠዋት ጢሞ ሳይላጭ ገባ።

መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቦቲውን እያጠለቀ ሳለ መብራቱን የሸፈኑበት ሲመስለው ቀና አለ። በሩ ላይ ቆመዋል። ሳቂታው ከፊት፤ ከኋላው ሁለት ጫኞች፤ ከነሱ ኋላ፣ ወደዚህ ላለማየት ግድግዳውን የሚያይ የድራሙ ሠራተኛ። ሳቂታው መፋቂያ ይዟል።

"ምላጭ ገዝተን ነበር" አለ በጎደለው ጥርሱ እያፏጨ። "ግን ያንተ ነገር ቆዳ ነው እንጂ ፊት አይደለም ተባባልን።"

ጢሞ አንዱን ቦቲ እንደያዘ ተነሳ። የመጀመሪያውን ጫኝ በቦቲው ተረከዝ አፍንጫውን ሰበረው፤ ስብራቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲንቋቋ ሁሉም ሰሙት። ሁለተኛው ወገቡ ላይ ተጠመጠመ። ተያይዘው መታጠቢያው ላይ ወደቁና ቧንቧው ከግድግዳው ተገንጥሎ ውሃው ጣሪያ ነካ። ጢሞ በክርኑ፣ በጉልበቱ፣ በግንባሩ ተማታ። አንድ እጁ ላይ ሲረግጡት በሌላው ያዘ፣ ሌላውን ሲጠመዝዙበት በጥርሱ ያዘ። በመጨረሻ በጀርባው አጋደሙት። የድራሙ ሠራተኛ እግሮቹ ላይ ተቀመጠ።

"ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ" ይላል የድራሙ ሠራተኛ፣ ሳይነሳ። "ይቅር በለኝ። ልጆች አሉኝ።"

ሳቂታው ደረቱ ላይ ወጥቶ መፋቂያውን ጉሮሮው ላይ አስተኛው። የተሳለበት ወገን ከላይ ነው፣ ከታች ነው? ጢሞ ሊያውቅ አልቻለም። ቅዝቃዜው ብቻ ተሰማው። ያን ጊዜ ካቦው ገባ። ውሃውን አየ፣ ደሙን አየ፣ መፋቂያው የት እንዳለ አየ።

"ተነስ ከላዩ" አለ።

ጢሞ ለአንድ ትንፋሽ ያህል የዳነ መሰለው።

"አምጣ" አለ ካቦው፣ እጁን ዘርግቶ። "አንተ ጉሮሮውን ነው የምትቆርጠው። ራሱን ያዙልኝ።"

ወንድሙ አጠገቡ ተንበረከከ። ጢሞ ልጅ ሆኖ የራስ ጠጉሩን የሚላጭለት እሱ ነበር፤ ቅማል ባስቸገረው ቁጥር በራፍ ላይ ጭኖቹ መካከል አስቀምጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ እንዳያደማው ትንፋሹን ይዞ። አሁንም ምላሱን ነክሷል። አሁንም ትንፋሹን ይዟል። መፋቂያው ለጉንጭ አልተሠራም፤ ከጆሮው ስር ጀምሮ ሲወርድ ጠጉሩን ብቻ ሳይሆን የያዘውን ቆዳ ጭምር ነው የሚገፈው።

"አትንቀሳቀስ" ይለዋል ካቦው በሹክሹክታ። "ስትንቀሳቀስ ነው የሚቆርጥህ። አትንቀሳቀስ፣ የኔ ልጅ።"

"ወንድም ጋሼ" አለ ጢሞ።

መፋቂያው ቆመ።

"ወንድም ጋሼ፣ እማ አንዱ ቀረኝ ብላለች።"

ካቦው ጎንበስ ብሎ ፊቱን ወደ ፊቱ አቀረበ፤ ምን ሊለው እንደነበር ማንም አላወቀም። ጢሞ ራሱን ከያዙት እጆች ነጠቀና ጆሮውን ነከሰው። መንጋጋው እስኪገጥም ነከሰው። ካቦው ጮኸ፣ መፋቂያው አመለጠውና ጢሞ ጉንጭ ላይ ከከንፈሩ ጥግ እስከ መንጋጋው አጥንት ድረስ ተሰመረ። ከዚያ በኋላ የቀረውን የላጨው በንዴት ነው። ሲጨርስ የካቦው ጆሮ ግማሹ አልነበረም።

ለቀቁት። ማንም አልሳቀም፣ ሳቂታውም ቢሆን። ከተሰበረው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጢሙን ከነደሙ ሰብስቦ ወለሉ ላይ እያዞረ ወሰደው፤ እንደ አንድ ትንሽ ጥቁር እንስሳ ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ ሄዶ ገባ። ቀዳዳው የሚሄደው ወደ ጉድጓዱ ነው።

ከሰዓት በኋላ የጭንብሉ ሣጥን ተከፈተ። ከየትኛው ዘመን እንደቀረ የማይታወቅ ሣጥን ነው። የመጀመሪያውን ጭንብል ጢሞ ፊቱ ላይ ሲያደርገው ላስቲኩ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርፍሮ ደሙ ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ውስጥ አይጥ ወልዳበታለች።

"አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ለጉብኝቱ ይበቃል።"

ገዢዎቹ መጥተው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ከሩቅ አይተው ሄዱ።

ጢሞ ጉንጩን ክሊኒክ አሰፍቶ፣ ፊቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቤት ገባ። እናቱ ዐይኗ ደክሟል፤ ቢሆንም ሻርፑን ለማየት ዐይን አያስፈልጋትም ነበር። እጇን ዘረጋች። እንደሌሎቹ ቀናት ተንበረከከ፣ እጇ ወደ አገጩ መጣ፣ ሻርፑን ገለጠ፣ ስፌቱን ዳሰሰ። ጣቶቿ ባዶውን ቦታ ደጋግመው ጨበጡት።

"በፈቃድህ ነው?"

"አይደለም፣ እማ።"

"እሱንማ ቁስሉ ይናገራል" አለች። በረጅሙ ተነፈሰች። "ስማኝ። በግድ የተላጨ እንዳልተላጨ ነው፤ አባትህ የነገረኝ ነው። ግን የላጨው ሰውዬ ራሱ ሬሳው ፊት ቆሞ፣ በአፉ፣ እኔ ነኝ በግድ የላጨሁት ማለት አለበት። ሌላ ሰው አይሆንም። አንተም ብትምል አይሆንም። ሰውየውን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"ማን ነው?"

ጢሞ የአልጋውን እግር አየ። "አንድ ሥራ ቦታ ያለ ሰው ነው።"

"እንግዲያው ፈልገህ አምጣልኝ። ለምነው። እምቢ ካለህ ደግሞ ጎትተው። ወንድምህን ያዝና ሂድ፤ ለሁለት ስትሆኑ አያቅታችሁም።"

ጢሞ "እሺ" አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

በማግስቱ ካቦውን ጨው የተነሰነሰበት ጥሬ ቆዳ የሚከመርበት መጋዘን ውስጥ ብቻውን አገኘው። ጆሮው ላይ የታሰረው ፋሻ ቢጫ ሆኗል። ጢሞ እናታቸው ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገረው፤ የመጨረሻውንም፣ ወንድምህን ያዝና ሂድ ያለችውንም።

ካቦው ከቆዳው ክምር ላይ ተቀመጠ። "ነገርካት?"

"አልነገርኳትም።"

"አትንገራት።" ጨው እያነሳ መሬት ላይ ይበትናል። "ሥራ አስኪያጁ፣ በፈቃዱ ነው የተላጨው በሉ ብሎ ሁላችንንም አስምሎናል። ያም ይቅር። አዳራሹ አካባቢ ያለውን ወሬ አልሰማህም? ወፍጮ ቤት ያለውን ልጅ ላጩት፣ የሆስፒታሉን ዘበኛ ላጩት፣ አንዱን ከእንጀራው ነቀሉት። የላጩአቸው ባዕድ ናቸው፣ አይነኩም። እኔ እዚያ ሰው መሐል ቆሜ በገዛ እጄ ብል በእግሬ የምወጣ ይመስልሃል?"

"አይመስለኝም።"

"እና?"

"እና ና።"

ካቦው ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጢሞ ያ ሳቅ ሳያልቅ መታው። ታላቁ በክምሩ ላይ ወደኋላ ተገለበጠ፣ ቆዳው ተንዶ ሁለቱንም ቀበራቸው። እርጥቡ፣ ጨዋማው ክብደት ስር ሆነው ተማቱ። ጨው ቁስላቸው ውስጥ ገባ፤ ጢሞ ጉንጩ እንደገና ሲቀደድ፣ ካቦው ፋሻው ሲወልቅ ባንድ ላይ አቃሰቱ። ጢሞ የወንድሙን አንገት አገኘና ጨመቀ። ካቦው አውራ ጣቱን የጢሞ ስፌት ውስጥ ከተተ። ማናቸውም አልለቀቁም፤ የደከመው እጃቸው ነው የለቀቀው።

ካቦው በጀርባው ተንጋሎ እያለከለከ፣ "አልመጣም" አለ። "ግደለኝና ሬሳዬን ጎትት። አልመጣም።"

እናታቸው በሳምንቱ ሞተች። ረፋዱ ላይ ውሃ ጠየቀች፤ ጢሞ ይዞ ሲመለስ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር።

የመቃብሩ ቦታ ቀይ አፈር ነው፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አፈሩ በሁለት ወገን ተቆልሏል። ብዙ ሰው መጥቷል። ወጣቶቹ ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹ ፊታቸው እንደ ተላጠ ድንች ነው፤ እነሱ ከቃሬዛው ራቅ ብለው፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ካቦው ከሽቦው አጥር ውጪ ብቻውን ቆሟል። አንዳንዱ ዞሮ አይቶት ምራቁን ይተፋል፤ ለሹመት ሲል በፈቃዱ የተላጨ እሱ ብቻ ነውና።

ሽማግሌው በትራቸውን ቃሬዛው ላይ አጋድመው የጢሞን መንገድ ዘጉ።

"ልጄ፣ ፊትህን ስለት ነክቶታል።"

"በግድ ነው፣ አባቴ።"

"አምንሃለሁ። ማመኔ ግን አይበቃም። የላጨህ የታለ?"

ጢሞ አጥሩን አላየም። ዐይኑ ወደዚያ ሊሄድ ሲታገለው እናቱ የተጠቀለለችበትን ነጭ ጨርቅ አየ፤ አንገቷ ላይ፣ ወገቧ ላይ፣ እግሯ ላይ ተቋጥሯል። አንድ ቃል ቢናገር ጎትተው ያመጡለታል። ተጎትቶ የመጣ ሰው ግን የፈለጉትን ይናገራል እንጂ አይመሰክርም፤ ያንን ሕጉን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

"የለም" አለ።

"እንግዲያው ባዕድ ሰው ይወርድላታል" አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሁለት ወንድ ወልዳ። ምን ይደረግ።"

ሽቦው ሲንቋቋ ተሰማ። ካቦው በበሩ አልዞረም፤ አጥሩን ረግጦ፣ ሱሪውን እያስቀደደ ገባ። ሰዉ ገለል አለለት። ቃሬዛው ድረስ መጥቶ ቆመ፣ እናቱን እንጂ ማንንም አላየም።

"እኔ ነኝ" አለ። "በሰው አስይዤ፣ በቆዳ መፋቂያ፣ በገዛ እጄ ላጨሁት።"

"በግድ?" አሉ ሽማግሌው።

ካቦው ፋሻውን አወለቀና ጆሮው የነበረበትን ወገን አዙሮ አሳያቸው። "ሲታገል የበላው ነው።"

ሽማግሌው በትራቸውን ከቃሬዛው ላይ አነሱ። "ውረድ" አሉት ጢሞን። "ንጹሕ ነህ። ቶሎ ውረድ።"

ወንድማማቾቹ ተያዩ። ካቦው ጉንጩን በመዳፉ አሻሸ።

ጢሞ ወረደ። ከላይ አወረዱለትና በሁለት ክንዱ ተቀበላት። እንዲህ ትቀላለች ብሎ አላሰበም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ያያት እንደነበረው ነው የወረደችው። መሬቱ ቀዝቅዟል። ሊያስተኛት ሲንበረከክ የመጀመሪያውን ድምፅ ሰማ። የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ግንድ ላይ ሲወረወር የሚያሰማው።

ከዚያ ብዙ ሆነ። ድንጋይ አጥንት ሲያገኝ፣ ዱላ ሲሰበር፣ የሽማግሌው "ተዉ፣ ተዉ፣ በፈጠራችሁ" ማለት፣ ከዚያም የሳቸው ድምፅ መስጠም። አፈር ከጠርዙ እየተናደ ትከሻው ላይ ይወርዳል።

ሕጉ ቀና አድርጎ አስተኝቶ፣ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ቋጠሮዎቹን ከእግር ጀምሮ መፍታት ነው። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም። የእግሯን ፈታ።

"አስተኛሃት?" አለ የካቦው ድምፅ ከላይ፣ ከምቱ መሐል።

ጢሞ የወገቧን ፈታ።

"አስተኛሃት ወይ፣ የኔ ልጅ?"

የአንገቷ ቋጠሮ ጠብቋል። በጥርሱ አላላው፣ በጣቶቹ ፈታው። አለቀ። ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው የቀረው፤ መሰላሉ አጠገቡ ነው። ጉንጩ ላይ የነበረው ቁስል ሲጠዘጥዘው ተሰማው። ጣቶቹን አያቸው። የፈቱትን ቋጠሮ መልሰው እየቋጠሩት ነበር፤ ቀስ ብለው፣ አጥብቀው፣ እንደገና ሊፈቱት።

ሲወጣ ድምፁ አብቅቷል። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ እርስ በርስ ሳይተያይ ቆሟል፤ አንዳንዱ እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ የሚጥልበት ጠፍቶታል። ካቦው ከአፈሩ ቁልል ስር በጎኑ ወድቋል። መፋቂያውን የያዘበት ቀኝ እጁ እጅ አይመስልም። አንድ ዐይኑ ተከፍቶ ወደ መቃብሩ አፍ ያያል።

ጢሞ አጠገቡ ተንበረከከ።

"አስተኝቻታለሁ፣ ወንድም ጋሼ" አለው።

የተከፈተው ዐይን አልተንቀሳቀሰም። ጢሞ መዳፉን ወንድሙ ጉንጭ ላይ አሳረፈ። ጥቂት ቀን ያልተላጨ፣ የሚኮሰኩስ ጉንጭ ነው፤ ምላጭ ካቆመ ሰንብቷል።

አንዱ ወጣት ከኋላ፣ "እሱን ማን ይነካዋል? ወንድ ልጅ የለውም" አለ በሹክሹክታ።

ጢሞ ተነሳ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሬሳ ለመንካት ንጹሕ ነው የተባለለት እሱ ነው፣ መስክሮ ያነጻውም እግሩ ስር ተኝቷል። አካፋውን ከቁልሉ ላይ ነቀለ። ሰዉ ሊመታቸው መስሏቸው ወደ አጥሩ ተገፋፉ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጣቸውና ከእናቱ ጎን ያለውን መሬት መቆፈር ጀመረ።